የውጫሌ ውልና ተርጓሚው መኪና

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ መንገድ የሚጓዝ ነጋዴ ሐይቅን ካለፈ በኋላ በአምባሰል ውስጥ ውጫሌ ከምትባለው ከተማ ይደርሳል። በዚህ ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣሊያ መንግሥት መልእክተኛ በፒየትሮ አንቶኔሊ መካከል 20 አንቀጽ ያለው ውል ተፈረመ። ውሉ በአማርኛና በኢጣሊያንኛ የተጻፈ ሲሆን፣ በ19ኛው አንቀጽ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም የሚስማሙ ስለ ሆኑ እኩል እንዲታመኑ ተወስኖ ነበር። ነገር ግን አልተስማሙም። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት ቢፈልጉ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት ለመጠቀም እንደሚችሉ ሲናገር፣ በኢጣሊያንኛው ግን ይህንኑ እንደ ግዴታ የተቀበሉ አድርጎ አቀረበው። በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. ኢጣሊያ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንደ ሆነች ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦር ሜዳ ተቈረጠ።

ይህን የቈየ ታሪክ ዛሬ ለነጋዴው ማስታወስ ያስፈለገበት ምክንያት አለ። በዚያን ጊዜ ትርጕም የጥቂት ሰዎች ሥራ ነበር። ዛሬ ግን በሐይቅ ገበያ ያለ የእህል ነጋዴ በእጁ በያዘው ስልክ ከባሕር ማዶ የመጣለትን ደብዳቤ በቅጽበት ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ መልሱንም እንዲሁ ይልካል። ይህን የሚሠራው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ጥበብ ነው። ጥቅሙ ታላቅ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ያስከተለው የኀላፊነት ጥያቄም ቀላል አይደለም።

መኪናው እንዴት ይተረጕማል?

ጉግል የተባለው ኩባንያ ለሕዝብ ያቀረበው ተርጓሚ አማርኛን የጨመረው በየካቲት ወር 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያም ሌሎች ተከተሉ፤ ከእነዚህም መካከል ለአማርኛና ለትግርኛ ተብሎ በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የተሠራው ልሳን ይገኝበታል። በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው ቻት ጂፒቲና መሰሎቹ ደግሞ ከመተርጐም አልፈው ደብዳቤ እስከ ማርቀቅ ደርሰዋል።

ተርጓሚው መኪና እንደ ሰው ቃሉን ተረድቶ የሚናገር አይደለም። በሁለት ቋንቋዎች የተጻፉ ብዙ ጽሑፎችን ጐን ለጐን ይመለከታል፤ ቃላቱ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚዛመዱ በመማር ለአዲሱ ዐረፍተ ነገር ይበልጥ የሚመስለውን ትርጕም ይመርጣል። እንግዲህ ዕውቀቱ የሚመዘነው ባነበበው ጽሑፍ ብዛትና ዓይነት ነው። ለእንግሊዝኛና ለፈረንሳይኛ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ሲገኝ፣ ከሌላ ቋንቋ ጋር ተጣምሮ የሚገኘው የአማርኛ ጽሑፍ ጥቂት ነው፤ ከእርሱም ብዙው የመጽሐፍ ቅዱስና ሌላም መንፈሳዊ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ መኪናው የስብከት ቃል የለመደውን ያህል የሽያጭና የኪራይ ውል ቃል አለመደም። ይህን ጕድለቱን ግን አይናገርም፤ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም በአንድ ዓይነት ድፍረት ይጽፋል።

ነጋዴውን የሚያገኙት ስሕተቶች

የመጀመሪያው የዘመን አቈጣጠር ነው። አንድ ገዢ ዋጋውን እስከ ጥር 30 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደሚከፍል ቢጽፍና መኪናው ወሩን ብቻ ተርጕሞ «ጃንዩወሪ 30» ቢለው፣ እውነተኛው ቀን ፌብሩወሪ 7 ስለ ሆነ ገዢው የ8 ቀን ጊዜውን ያጣል፤ በውጭው ነጋዴ ዘንድም ቀጠሮ አፍራሽ ይባላል። ዓመተ ምሕረቱ እንዳለ ቢተላለፍ ልዩነቱ ከ7 እስከ 8 ዓመት ይደርሳል። እንደዚሁም ከጧቱ 2 ሰዓት የተባለው በፈረንጅ አቈጣጠር 8 ሰዓት መሆኑን መኪናው ሁልጊዜ አያስተውልም፤ መኪና የሚጠብቅ ጫኚም በእኩለ ሌሊት ሊጠራ ይችላል።

ሁለተኛው የአማርኛ ጽሕፈት ጠባይ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «ቀብድ ይሰጣል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ላልቶ ሲነበብ አንድ ሰው ቀብድ እንደሚሰጥ፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ቀብዱ እንደሚሰጥ ያመለክታል፤ በሁለተኛው አነባበብ ሰጪው ማን እንደ ሆነ አልተነገረም። ሰው የሆነ አስተርጓሚ «ማን ነው የሚሰጠው?» ብሎ ይጠይቃል። መኪናው ግን የእንግሊዝኛው ሰዋስው ባለቤት ስለሚፈልግ ከራሱ አንድ ባለቤት ሊያስገባ ይችላል፤ ከፋዩ ሻጩ ይሁን ገዢው በዚያች ቅጽበት ይወሰናል። ይህም ከውጫሌው 17ኛ አንቀጽ ጋር የአንድ ቤተሰብ ስሕተት ነው፤ መቻል ግዴታ ሆኖ የተገኘው በአንዲት ግሥ ነበርና።

ስሕተቱ ከገንዘብ አልፎ ሰውን ለእስራት እንደሚዳርግ በዓለም ታይቷል። በጥቅምት ወር 2010 ዓ.ም. አንድ ፍልስጥኤማዊ የግንባታ ሠራተኛ በፌስቡክ ገጹ በዐረብኛ የማለዳ ሰላምታ ጻፈ። የኩባንያው ተርጓሚ መኪና ሰላምታውን በዕብራይስጥ «አጥቋቸው» ብሎ መለሰው፤ የእስራኤል ፖሊስም ሰውየውን ያዘ። ስሕተቱ ሲታወቅ ተለቀቀ፤ ኩባንያውም ይቅርታ ጠየቀ። ከመያዙ በፊት ጽሑፉን ዐረብኛ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢያነበው ኖሮ ነገሩ ባልደረሰ ነበር።

ጕዳቱ በማን ላይ ይወድቃል?

በዚህ ረገድ የሚነሣው ዋና ጥያቄ የፍትሕ ነው። በትውልዷ አዲስ አበቤ የሆነችው ዶክተር ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2010 ዓ.ም. ባወጣችው ጥናት፣ ፊትን አይተው ጾታን የሚለዩ መኪናዎች በነጣ ያሉ ወንዶችን ሲለዩ የሚሳሳቱት ከ100 ከ1 በታች ሲሆን፣ ጠየም ያሉ ሴቶችን ሲለዩ ግን ስሕተቱ እስከ 34.7 ከመቶ እንደሚደርስ አሳይታለች። ምክንያቱም ለመኪናው መማሪያ በሚሆነው ስብስብ ውስጥ እነዚህ ሰዎች ጥቂት በመሆናቸው ነው። በቋንቋም ያው ነው፤ ጽሑፉ ያነሰው ሕዝብ የስሕተቱን ዕዳ አብዝቶ ይከፍላል።

ከደቡብ ወሎ ብዙ ወጣቶች፣ ይልቁንም ሴቶች፣ ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች ይሄዳሉ። ከፊታቸው የሚቀርበው የቅጥር ውል በዐረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። የደመወዙን ልክ፣ የዕረፍቱን ቀንና የመመለሻውን ትኬት ከፋይ በስልክ ትርጕም ብቻ ተረድታ የምትፈርም ልጅ፣ ትርጕሙ ስሕተት ቢሆን የምትከሰው መኪና የለም። የተርጓሚዎቹ ባለቤቶች ትርጕሙ ትክክል ለመሆኑ ዋስትና አይሰጡምና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በሚገባ የተመሠረተ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል። እንግዲህ ቃሉን የመረጠው መኪና ቢሆንም፣ ዕዳው በፈራሚው ጫንቃ ላይ ይቀራል።

ሌላው የምስጢር ጕዳይ ነው። ወደ ተርጓሚው የገባ ውል በሩቅ አገር ወዳለ የኩባንያ መኪና ይላካል፤ ዋጋው፣ የደንበኛው ስምና የባንክ ሒሳቡም አብሮ ይሄዳል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321ን አውጥታለች። ስለዚህ የሌላውን ሰው መረጃ የያዘ ነጋዴ ነገሩን እንደ ራሱ ንብረት ሊበትነው እንደማይገባ ማወቅ አለበት።

የሥራውም ነገር የሚታለፍ አይደለም። በየፍርድ ቤቱ ደጅ ማመልከቻ የሚጽፉና በየከተማው ሰነድ የሚተረጕሙ ሰዎች ከእንጀራቸው ከፊሉን ለመኪናው ለቀዋል። ሆኖም ነጋዴው ጥቂት ብር ለማትረፍ እነርሱን ፈጽሞ ቢተዋቸው፣ ስሕተቱን የሚያርምለት ሰው በሚፈልግበት ቀን ሊያጣ ይችላል።

ምን ማድረግ ይገባል?

መኪናውን መተው መፍትሔ አይሆንም። ዋጋ ለመጠየቅ፣ የገበያ ወሬ ለመስማትና የደብዳቤን ጠቅላላ ሐሳብ ለመረዳት እጅግ ይጠቅማል፤ ቋንቋ ያልተማረውንም ነጋዴ ከደላላ ጥገኝነት ያወጣዋል። መንግሥትም በ2012 ዓ.ም. በማዕከልነት የተቋቋመውንና በኋላ ኢንስቲትዩት የሆነውን የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መሥሪያ ቤት ማቋቋሙ ጥበቡ በአገር ቋንቋ እንዲያድግ ይረዳል። ይሁን እንጂ ገንዘብና ግዴታ ባለበት ጽሑፍ ላይ ቀጥሎ ያለው ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

1ኛ/ ቀን ሁሉ በሁለቱም አቈጣጠር ይጻፍ፤ ሰዓትም ጧት ወይም ማታ ተብሎ ይለይ።
2ኛ/ በየዐረፍተ ነገሩ ሰጪና ተቀባይ፣ ሻጭና ገዢ በስማቸው ይጠሩ።
3ኛ/ የተተረጐመው ጽሑፍ ተመልሶ ወደ አማርኛ ይተርጐምና ከመጀመሪያው ጋር ይመሳከር፤ ልዩነት የታየበት ስፍራ ሁሉ አጠራጣሪ ነው።
4ኛ/ ከመፈረም በፊት ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ የታመነ ሰው ያንብበው።
5ኛ/ ክርክር ቢነሣ የሚጸናው የትኛው ጽሑፍ እንደ ሆነ በውሉ ይወሰን። «ሁለቱም እኩል ይታመናሉ» የሚለው ቃል በውጫሌ ማንንም አልጠቀመም።

ከአምባሰል ጐረቤት በሐይቅ የሚገኘው፣ በ13ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን በትምህርትና በመጻሕፍት የገነነው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም የጽሕፈትን ክብር ለአገሩ አስተምሯል። በአገራችን የብራና ጽሕፈት ልማድ የጸሐፊው ፈጣንነት ብቻውን አያስመሰግንም፤ የተጻፈው ከዋናው ጋር ተነጻጽሮ ይታረማል እንጂ። ፈጣኑ ጸሐፊ ዛሬ መኪና ሆኗል፤ አራሚው ግን እስከ አሁን ሰው ነው። ነጋዴውም ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ይህን አራሚ ቢፈልግ፣ የሚከፍለው የአንድ ቀን ድካም ከሚያድነው ዕዳ ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው።