ማዕረጉ ከወንበሩ፣ ስሙ ከአባቱ

የቤተ ዘመድ ስም ያስፈልገናል ወይስ አያስፈልገንም የሚለው ክርክር በሀገራችን ከተነሣ ዘመን አልፎታል፤ ነገሩን ለሚመረምር ሰው ግን ከወሎዎቹ ከሐይቅና ከአምባሰል የበለጠ ምስክር የሚሆን አገር ማግኘት ያስቸግራል፤ ማዕረግ በዘር ሲወርድ እየኖረ የሰው መጠሪያ ሳይሆን የቀረበት አገር ነውና።

የአምባሰል ገዥ ጃንጥራር ይባል ነበር፤ ሹመቱም ለአንድ የመሳፍንት ቤት የተለየ ነበር። ሆኖም የጃንጥራር አስፋው ልጅ፣ በኋላ እቴጌ የሆኑት፣ መነን አስፋው ተባሉ እንጂ መነን ጃንጥራር አልተባሉም። በህንድ፣ በማሃራሽትራ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር፤ በዚያ የአውራጃው ሹም ዴሽሙክ፣ የመንደሩም መዝገብ ያዥ ኩልካርኒ፣ ሹመታቸው ከተሻረ በኋላ እንኳ ማዕረጋቸው በልጅ ልጆቻቸው ስም ላይ ታትሞ ቀርቷል፤ ስሙን የሰማ ሁሉ ወገኑን ይገምታል።

የሐይቁ ማዕረግ ደግሞ ከዚህም ይለያል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የትምህርት ምንጭ ካደረጉት ወዲህ፣ አበምኔቱ ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ ከነገሥታቱ መማክርት ጋር ይቈጠር ነበር። መነኵሴ ወራሽ ስለሌለው ይህ ማዕረግ በቆብ እንጂ በደም አይተላለፍም ነበር።

ማዕረጎቹ መጠሪያ ሆነው ባይዘልቁም፣ በወሎ የሰፈሩት የኦሮሞ ጎሳዎች ስም ግን ዘልቋል፤ የዘለቀው በሰው ላይ ሳይሆን በምድር ላይ ነው፦ ወረባቦ፣ ወረኢሉ፣ ወረሂመኖ።

የወሎ ሰው ስም ቋሚ ማኅተም ስለሌለው የሃይማኖትን መለዋወጥ ሳይደብቅ ይተርካል። የወሎው ኢማም ዓሊ ልጅ መሐመድ፣ ስለ ሃይማኖት ከተደረገው ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ሲባሉ፣ የአባታቸውን ስም የሚያስጥል ሕግ አልነበረምና ሚካኤል ዓሊ ሆነው ቀሩ፤ ልጃቸው ወይዘሮ ስኂን ሚካኤል፣ የስኂንም ልጅ እቴጌ መነን። ከኢማሙ እስከ እቴጌይቱ አራት ትውልድ ነው። ዛሬም ቢሆን ልጁ ተስፋዬ፣ አባቱ መሐመድ ቢሆን በደሴም በሐይቅም ማንንም አያስደንቅም።

ይህን ስል ግን ስማችን ከነውር ነጻ ነው ማለቴ አይደለም። ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ በስማቸው ባይለዩም «የማን ልጅ ነህ?» በሚለው ጥያቄ ይለዩ ነበር፤ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ዘር የሚቈጥረው ለዚሁ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም፣ በአፍ የሚኖረውን መዝገብ አዋጅ አልፋቀውም። በህንድ ግን ነውሩ በስሙ ላይ ተጽፎ ስለነበረ፣ በ1929 እ.ኤ.አ. በታሚል አገር በቼንጋልፓቱ የተሰበሰቡት «የራስ ክብር» የተባለው ንቅናቄ ሰዎች የወገን መጠሪያ ከስም እንዲወጣ ወሰኑ፤ ዛሬ ብዙ ታሚሎች ከስማቸው ጋር የአባታቸውን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ይጽፋሉ፤ ወደ እኛ ሥርዓት ቀረቡ ማለት ነው።

ሕጋችን ግን በተቃራኒው ሄደ። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው ከተጸውዖና ከአባት ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም ደነገገ፤ ሕዝቡ ግን ድንጋጌውን በዝምታ አለፈው። እንደ እኔ አስተያየት ትክክል አደረገ፤ ሕግ ለማያስቸግር ነገር መድኃኒት ሲያዝ ታማሚው አይቀበልም።

ሕጉ ያልቻለውን በውጭ አገር የቢሮ ቅጽ እየቻለው ነው። ከሐይቅ ወጥቶ በዋሽንግተን የተቀመጠው ሰው የቤተሰብ ስም ሲጠየቅ የአያቱን ይጽፋል፤ ሚስቱ የራሷን አያት ትጽፋለች፤ ልጆቻቸው እዚያው ሲወለዱ የአባታቸው አያት ስም ለዘለቄታው ይጸናባቸዋል።