መሰላል፣ የቆርቆሮ ጣሪያና የዲሽ ተከላ
በመኖሪያ ቤት ጣሪያ ላይ ዲሽ ወይም ሶላር ለሚተክል ባለሙያ መሰላል የሚቆመው በ4 ለ1 ስሌት ሲሆን፣ ይህም የሚደገፍበት ጠርዝ 4 ሜትር ከፍታ ካለው የመሰላሉ እግር ከግድግዳው 1 ሜትር ይርቃል፣ ከመሬት ጋር የሚሠራውም ማዕዘን ወደ 75 ዲግሪ ይጠጋል ማለት ነው። ጫፉ ከጠርዙ በላይ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር እንዲያልፍ የሚደረገው በተለይ የሚወርደው ሰው እጁ የሚይዘው እንዲያገኝ ነው፤ ጀርባን ለግቢው ሰጥቶ የመጀመሪያውን እርከን በእግር መፈለግ ከመውጣቱ ይልቅ ያሰጋልና። የዝናብ ውኃ የሚሰበስበው አሸንዳ ቀጭን ላሜራ በመሆኑ፣ ብዙዎች መሰላል ቢያስደግፉበትም፣ ክብደት ሲያርፍበት ይታጠፋል። የአሉሚኒየም መሰላል ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ከምሰሶ ወደ ቤት በሚገባው 220 ቮልት ሽቦ አጠገብ አይቆምም፤ ዝናብ ያራሰው የባሕር ዛፍ መሰላልም ቢሆን አይታመንም። ዲሹ ራሱ በትከሻ ሳይሆን ባለሙያው ከወጣ በኋላ በገመድ ይሳባል።