ኪሎ ሜትርን ወደ ሥነ ፈለክ የርቀት መለኪያዎች ስለ መቀየር የቀረበ ማብራሪያ

አስትሮይድ ወደ መሬት እየቀረበ መሆኑን የሚገልጹ ዜናዎች በማኅበራዊ ሚዲያ በተደጋጋሚ ይሰራጫሉ። አብዛኞቹ ከውጭ ቋንቋዎች ተተርጉመው የሚቀርቡ በመሆናቸው ርቀቱ በኪሎ ሜትር ሳይሆን «0.05 ኤዩ» በሚል መልክ ይጠቀሳል። መለኪያውን የማያውቅ አንባቢም የቁጥሩን ማነስ ብቻ አይቶ የሰማይ አካሉ ከደጁ የደረሰ ሊመስለው ይችላል። በመሆኑም ማንኛውም ዜጋ እንዲህ ያለውን ቁጥር በእጅ ስልኩ አስልቶ እንዲያረጋግጥ የሚረዳ ማብራሪያ እንደሚከተለው ቀርቧል።

ኤዩ የአስትሮኖሚካል ዩኒት ምኅጻረ ቃል ሲሆን፣ መነሻው በመሬትና በፀሐይ መካከል ያለው አማካይ ርቀት ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2012 መጠኑ በትክክል 149,597,870.7 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ወስኗል። ለተራ ስሌት ግን 150 ሚሊዮን ብሎ መያዝ በቂ ነው፤ ልዩነቱ ከሺህ ሦስት እጅ አይበልጥም።

ኪሎ ሜትርን ወደ ኤዩ ለመቀየር ለ150 ሚሊዮን ማካፈል፣ ወደ ኪሎ ሜትር ለመመለስ ደግሞ በ150 ሚሊዮን ማባዛት ያስፈልጋል። ለአብነት ያህል 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር በዚህ ስሌት 0.000005 ኤዩ ብቻ ነው። አንድ ኤዩ ለመሙላት መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ 200,000 ጊዜ መጓዝ ይጠይቃል። በቀን አንድ ጉዞ ቢደረግ ከ540 ዓመት በላይ ይወስዳል።

በዚሁ መሠረት 0.05 ኤዩ 7.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጨረቃ ከመሬት በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር የምትርቅ በመሆኗ፣ የተጠቀሰው አስትሮይድ የሚያልፈው ከጨረቃ ከ19 እጥፍ በላይ ርቆ ነው። ይህ ቁጥር በዜናዎች የሚደጋገመው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ምሕዋራቸው ወደ መሬት ምሕዋር እስከ 0.05 ኤዩ የሚጠጋና ስፋታቸው 140 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ አስትሮይዶች «አደገኛ ሊሆኑ የሚችሉ» በሚል ምድብ ተይዘው ክትትል ይደረግባቸዋል። ምድቡ የክትትል እንጂ የግጭት ማስጠንቀቂያ አይደለም። በትርጉም ሥራ ወቅት «ሊሆኑ የሚችሉ» የሚለው ሐረግ ሲቀር ግን መልእክቱ ፈጽሞ ይለወጣል።

በእርግጥም በጣም የሚቀርብ አስትሮይድ አለ። አፖፊስ የተባለው አስትሮይድ ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 2029) ሌሊት ከመሬት ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያልፋል። ይህም የቤት ጣሪያ ላይ ያሉ ዲሾች ሥርጭት ከሚቀበሉባቸው፣ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከሚገኙት ሳተላይቶች እንኳ የቀረበ ነው። ሆኖም የአሜሪካ የጠፈር ኤጀንሲ ናሳ እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገ የራዳር ምልከታ መሠረት አስትሮይዱ ቢያንስ ለቀጣዮቹ 100 ዓመታት ከመሬት ጋር እንደማይጋጭ አስታውቋል።

ከአሜሪካ የሚወጡ ዜናዎች ርቀትን በማይል ስለሚገልጹ፣ ቁጥሩን በቅድሚያ በ1.6 ማባዛት ይገባል። ስለ አፖፊስ የሚጠቀሰው 20,000 ማይልም ከላይ የተገለጸው 32,000 ኪሎ ሜትር ነው።

ሌላው ብዙዎችን የሚያሳስተው የብርሃን ዓመት ነው። ስሙ ዘመንን ቢያስመስልም የሚለካው ርቀትን ነው፤ ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው 9.46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ወይም 63,241 ኤዩ ገደማ ማለት ነው። ይህ መለኪያ የሚያገለግለው ለከዋክብት ነው። ከፀሐይ ቀጥሎ ለመሬት ቅርብ የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ 4.24 የብርሃን ዓመት ይርቃል። በአንጻሩ ከፕላኔቶች ሁሉ ሩቅ የሆነው ኔፕቱን እንኳ ከፀሐይ 30 ኤዩ ያህል ብቻ ስለሚርቅ፣ ወደ መሬት ቀረበ የተባለን አስትሮይድ ርቀት በብርሃን ዓመት የሚገልጽ ዜና የመለኪያ ስሕተት ያለበት መሆኑን ያለ ተጨማሪ ስሌት መረዳት ይቻላል።