የወንዜ ልጅ ሸርጣን

ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው ጣና እስኪገቡ ድረስ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ጅረቶችን ይሰበስባሉ። ባለፈው ጥቅምት ደብረ ታቦር አጠገብ ከእነዚህ ጅረቶች በአንዱ ዳር ከእህቴ ልጅ ጋር ድንጋይ ስንገለብጥ ነበር። አራተኛው ድንጋይ ሥር ቡናማ ሸርጣን አገኘን፤ ስፋቱ ከልጁ መዳፍ አይበልጥም። ብድግ ስናደርገው ሁለቱን መቆንጠጫዎቹን ወደ ላይ ዘረጋ፤ አፉ ዙሪያም አረፋ ደፈቀ። ስንጥቦቹ ውስጥ የያዘው ውሃ ከአየር ጋር ሲቀላቀል የሚወጣ አረፋ ነው። ሸርጣን ስንጥቦቹ እስከረጠቡ ድረስ ከውሃ ውጭም መተንፈስ ይችላል።

«ጋሼ፣ ቤት ወስጄ ባሳድገውስ?» አለኝ። በመስታወት ገንዳ ከኮራል ጋር የሚኖሩ የባሕር ሸርጣኖችን ስልክ ላይ አይቷል። «ውሃው ላይ ጨው ነው የሚጨምሩበት። እኛ ደግሞ አሞሌ አለን።»

ይህ ጥያቄ ብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። መልሱ ከጅረቱ ተነሥቶ ዳሎል ድረስ ይሄዳልና።

ሸርጣን የሚለውን ስም ብዙዎቻችን የምናውቀው ከዐውደ ነገሥት ነው፤ ከዐሥራ ሁለቱ ከዋክብት አራተኛው። የደጋ ጅረቶቻችን ሸርጣን በሳይንስ ፖታሞናውቴስ ከሚባለው የአፍሪካ ወገን ይመደባል፤ ቃሉ በግሪክኛ የወንዝ መርከበኛ ማለት ነው። የጥንት ቅድመ አያቶቹ የባሕር ነበሩ። ከባሕር የወጣ እንስሳ ደግሞ ጨው ይቸግረዋል። የባሕር ሸርጣን የደሙ ጨዋማነት ከሚኖርበት ውሃ ጋር ተቀራራቢ ነው። የእኛው ሸርጣን ግን ጨዋማ ደም ይዞ ጨው የለሽ በሚባል ውሃ ውስጥ ስለሚኖር፣ ውሃው ያለማቋረጥ ወደ ሰውነቱ ይሰርጋል፣ ጨዉም ያመልጠዋል። ስንጥቦቹ ቀን ከሌት በጅረቱ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ጨው እየለቀሙ ወደ ደሙ ይመልሳሉ።

አወላለዱም ተለውጧል። የባሕር ሸርጣን በብዙ ሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ የሚፈለፈሉት እጮች እናታቸውን አይመስሉም፤ ለሳምንታት እየተንሳፈፉ መልካቸውን ደጋግመው ይቀይራሉ። እንዲህ ያለ እጭ ጅረት ውስጥ ቢፈለፈል ጎርፍ ጠራርጎ ጣና ያደርሰው ነበር። የወንዝ ሸርጣን ግን ጥቂትና ትልልቅ እንቁላሎችን ሆዷ ሥር ታቅፋ ትዞራለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው እግሩም መቆንጠጫውም የተሟላ ሸርጣን ነው፤ ጥቂት እስኪጠነክርም እናቱ ሆድ ሥር ይሰነብታል። ጉማራን በነሐሴ ያየ ሰው ይህ ለምን እንዳስፈለገ አያጣውም።

ወደ አሞሌው ልመለስ። የዳናክል ረባዳ በአንድ ዘመን የቀይ ባሕር ክንድ ነበር፤ ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እዚያ የበቀሉ ኮራሎች ዛሬም በዳርቻው ድንጋይ ሆነው ይታያሉ። ክንዱ ከባሕሩ ተቆርጦ ሲተን በውሃው ውስጥ የነበሩት ማዕድናት በየተራ ተለያዩ። መጀመሪያ ኖራው ዘቀጠ፣ ቀጥሎ ጂፕሰም፣ ከዚያ የምንበላው ጨው። ፖታሽና ማግኒዥየም በመጨረሻው ቅሪት ውሃ ቆይተው ለብቻቸው ተጋገሩ፤ የዳሎል ፖታሽ የዚህ ውጤት ነው። በግመልና በበቅሎ ደጋ እየወጣ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የኖረው አሞሌ እንግዲህ ከእነዚህ ንብርብሮች የአንዱ ቁራጭ ነው።

አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይዟል። ከዚህ ውስጥ 30 ግራሙ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው፤ ማግኒዥየም 1.3 ግራም፣ ካልሲየም 0.4 ግራም ብቻ። ሆኖም ኮራል አጽሙን የሚገነባው፣ ሸርጣንም ቅርፊቱን የሚያጠነክረው በዚያች 0.4 ግራም ነው። አሞሌ ብናሟሟ ጨዋማ ውሃ እናገኛለን፤ ባሕር አናገኝም። ስለዚህ ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች ሁሉም ማዕድናት በልካቸው የተቀላቀሉበትን ጨው ይገዛሉ፤ ለ100 ሊትር 3.5 ኪሎ። ከገንዳው ውሃ ሲተን የሚጨምሩት ንጹሕ ውሃ ነው፤ ጨዉ ከውሃው ጋር አይተንምና።

ደብረ ታቦር ላይ ሌላም ችግር አለ። ኮራል ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ይህን በእኛ ብርድ የሚጠብቀው ማሞቂያ ብቻ ነው፤ መብራት ለአንድ ሌሊት ቢጠፋ ገንዳው ይቀዘቅዛል። በ2,700 ሜትር ከፍታ ደግሞ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚይዘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው።

ይህን ሁሉ ችለው ኮራልና ሸርጣን አብረው የሚያሳድጉ ሰዎች ለምን እንደሚለፉ ግን ይገባኛል። ትራፔዚያ የምትባል ትንሽ ሸርጣን በቅርንጫፋማ ኮራል መሐል ትኖራለች፤ የወረደበትን ደለል ትጠርግለታለች፣ ኮራል በላ የባሕር ኮከብ ሲመጣም እግሩን እየቆነጠጠች ታባርረዋለች። ሊቢያ የምትባለው የቀይ ባሕር ሸርጣን በሁለቱ መቆንጠጫዎቿ አነሞኒ የሚባሉ ሁለት ተናዳፊ የባሕር እንስሳት ይዛ ትዞራለች፤ አንዱ ቢወሰድባት የቀረውን ለሁለት ትሰነጥቀዋለች፤ ሁለቱም ግማሾች አድገው ሙሉ አነሞኒ ይሆናሉ። በእንዲህ ያለ ገንዳ ውስጥ ትልቁ ስሕተት ለታመመ ዓሣ መዳብ ያለበት መድኃኒት ማፍሰስ ነው። የሸርጣን ደም ራሱ ኦክስጅን የሚሸከመው በመዳብ ነው፤ ከውጭ የሚጨመርበት መዳብ ግን ይገድለዋል።

የእህቴ ልጅ አሞሌውን ተወ፤ ሸርጣኑን ግን አልተወም። ሳፋ ውስጥ አሸዋና ድንጋይ አደረግንለት፤ አንዱን ድንጋይ ሲፈልግ እንዲወጣበት ከውሃው በላይ አስቀረነው። በየቀኑ ከጅረቱ ውሃ እየቀዳን ቀየርንለት፤ የቧንቧው ክሎሪን ስላለበት። የበሰበሰ ቅጠልና ትል ሰጠነው። ማታ ማታ ሳፋውን በወንፊት ከድነን ድንጋይ ጫንበት።

በስድስተኛው ቀን መብላት አቆመ። በስምንተኛው ጠዋት ልጁ እየሮጠ መጣ፤ «ጋሼ፣ ሁለት ሆኗል!» ሳፋው ውስጥ ከኋላው የተሰነጠቀ ባዶ ቅርፊት ቆሟል። እግሮቹ አሉ፣ የዐይኖቹ ሽፋን እንኳ እንደ ቀጭን መስታወት ቀርቷል። ባለቤቱ ድንጋዩ ሥር ተደብቋል፤ ጎኑን በሣር ዘንግ ነካ ስናደርገው እንደ ረጠበ ቆዳ ገባ አለ። ሸርጣን ቅርፊቱ ስለማይለጠጥ ለማደግ ጥሎት መውጣት አለበት። ከዚያ በፊት ከአሮጌው ቅርፊት የቻለውን ያህል ካልሲየም መጦ ወደ ሰውነቱ ይመልሳል፤ ከወጣ በኋላ በውሃ ተነፍቶ አዲሱ እስኪጠነክር ለቀናት ይሸሸጋል።

ልጁ ቅርፊቱን ለማስታወሻ ሊያነሣው ነበር፤ ያዝኩት። በማግሥቱ ከቅርፊቱ አንድ እግር ጎደለ፤ በሦስተኛው ቀን ግማሹ ተበልቶ አልቋል። ሸርጣኑ ካልሲየሙን እየመለሰ ነበር። ቅርፊቱ ጠንክሮ መቆንጠጫውን እንደገና ሲዘረጋብን ወደ ጅረቱ ወስደን እዚያው አራተኛው ድንጋይ አጠገብ አስቀመጥነው። ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ በጎኑ እየሄደ ከሥሩ ገባ።