በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ስለ ነፃነት፣ መብትና መቻቻል የሚደረግ ውይይት፦ ለወላጆች የቀረበ ማብራሪያ

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ ስለ ነፃነት፣ ስለ መብትና ስለ ባህል ልዩነት ይወያያሉ። ውይይቱ ልጃቸውን በቤት ከተማረው እምነት ያርቀው እንደሆነ የሚሰጉ ወላጆች ይኖራሉ። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ለእነርሱ ነው።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ወላጆችና ሕጋዊ ሞግዚቶች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ስለሆነም መምህሩ የትኛውንም እምነት ሊሰብክም ሆነ ሊነቅፍ አይገባም። ልጁም የራሱ መብት አለው፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ሕፃናት በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸውን እንዲገልጹና እንደ ብስለታቸው እንዲደመጡ ይጠይቃል።

ለምሳሌ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን እንመልከት። ቤቶቹ በዕጣ የተላለፉ በመሆናቸው ጎረቤታሞች በቋንቋም በሃይማኖትም ልዩ ልዩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ልጆቻቸውም በአንድ ክፍል ይማራሉ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም፣ ረመዳንን የሚጾምና የማይጾም ተማሪ በምሳ ሰዓት እንዴት ይከባበራሉ? የውይይቱ ዓላማ ማን ትክክል እንደሆነ መፍረድ ሳይሆን፣ ማንም ሳይገደድና ሳይናቅ አብሮ የሚዋልበትን መንገድ መፈለግ ነው። መቻቻል የራስን እምነት መተው ማለት አይደለም።

በውይይቱ ተማሪዎች ተራ ጠብቀው ሊናገሩ፣ የሌላውን ምክንያት እስከ መጨረሻው ሊያዳምጡ፣ ሐሳብን እንጂ ሰውን ላይነቅፉ ይገባል። ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት የሌላውን ክብርና መልካም ስም ለመጉዳት አይፈቅድም፤ በአንቀጽ 29 መሠረት ይህን ለመጠበቅ ሕጋዊ ገደብ ሊጣል ይችላል።

ወላጆችም ልጃቸውን የራሱን ሐሳብ ብቻ ሳይሆን፣ በሐሳብ የተለየው ጓደኛው ያቀረበውን ምክንያት ጭምር ቢጠይቁት ትምህርቱን ያግዛሉ።

ልጅዎ በእምነቱ፣ በቋንቋው ወይም በባህሉ ምክንያት ከተነቀፈ፣ ቀኑን፣ ክፍሉንና የተነገረውን ቃል በጽሑፍ ይያዙ። በቅድሚያ የክፍል ኃላፊ መምህሩን፣ ቀጥሎ ርእሰ መምህሩን ያነጋግሩ። መፍትሔ ካላገኙ ጉዳዩን ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ ከዚያም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላሉ።