አሮጊቷን ኮምፒውተር ከመጣላችን በፊት

ሰሞኑን በወጣቶች የኮምፒውተር ክፍል ደጃፍ የነበረው ሰልፍ ከራሽን ሰልፍ አይተናነስም ነበር። ከአምስቱ ኮምፒውተሮች አንዷ፣ ያቺ ግራጫዋ አሮጊት፣ ለመከፈት ብቻ ሩብ ሰዓት ትፈጃለች። ጄነሬተሩ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ የምታውቁ አንባቢዎቻችን ችግሩ አይጠፋችሁም። የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ሊጽፍ ተራ ጠብቆ የገባ ልጅ ገና ስሙን ሳይጨርስ መብራት ይሄድበታል። «ይቺ አበቃላት፣ ትጣል» ያሉም ነበሩ። እኛ ግን መጀመሪያ ሆዷን እንይ አልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሮጌ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን ነው፤ የምታነበውም በላዩ የምትመላለስ ትንሽ ክንድ ናት። ፋይል ሲሰረዝ ክፍት ቦታ ይተዋል፤ አዲሱ ፋይል ደግሞ በየክፍተቱ ተቆራርሶ ይገባል። የአንድ ደብዳቤ አሥር ገጽ በአሥር ሰው ቤት እንደተቀመጠ ቁጠሩት። ደብዳቤው አልጠፋም፤ ለማንበብ ግን ዞን ለዞን መዞር ሊኖርብን ነው። ዲፍራግ ማድረግ ማለት ገጾቹን ሰብስቦ አንድ ቤት ማኖር ነው።

መጀመሪያ የልጆቹን ጽሑፎች በሙሉ በፍላሽ ገለበጥን። ይህን ሳያደርጉ መጀመር ድፍረት ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ሥራውን በደንብ ለመጨረስ ከዲስኩ 15 በመቶ ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ የእኛዋ ደግሞ በፊልምና በዘፈን ታጭቃለች። እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። ፊልሞቹ ተሰረዙ፤ የጥላሁን ዘፈኖች ግን በብዙ ድምፅ ተረፉ!

ከዚያ ስታርት፣ ኦል ፕሮግራምስ፣ አክሰሰሪስ፣ ሲስተም ቱልስ፣ ዲስክ ዲፍራግመንተር ብለን ገባን። «አናላይዝ» ስንለው ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ። ቀዩ የተበታተነው፣ ሰማያዊው የተያያዘው ነው። በአንድ ቀን አላለቀም። ጄነሬተሩ ሊጠፋ ሲል «ስቶፕ» ብለን አቆምን፤ እስከዚያ የተሰበሰበው ተሰብስቦ ስለሚቆይ በማግስቱ ቀጠልን።

ተአምር አልተሠራም። አሁን የምትከፈተው በአምስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ለዚህም ስትነሣ አብረው የሚነሡትን የማያስፈልጉ ፕሮግራሞች ማስቆማችን ሳይረዳ አልቀረም። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ በ2014 እ.ኤ.አ. ስላቆመ ኢንተርኔት ላይ አንሰካትም፤ ለመጻፊያ ግን ትበቃለች።

ፍላሽንና ኤስ ኤስ ዲ የተባለውን አዲሱን ዲስክ ዲፍራግ አታድርጉ። የሚመላለስ ክንድ ስለሌላቸው ጥቅም የለውም፤ ዕድሜያቸውን መብላት ነው።

በመስኮቱ በኩል ያለችው ሁለተኛዋ ኮምፒውተር ግን «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ጀምራለች። ይህ መበታተን ሳይሆን የዲስኩ መታመም ምልክት ነው። ዲፍራግ ብናደርጋት በብዙ ልፋት ጭራሽ ልትሞት ስለምትችል አንነካትም። እዚያች ውስጥ ሰርተፊኬት፣ ሲቪ ወይም ደብዳቤ ያላችሁ እስከ ሐሙስ ድረስ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ። ፍላሽ የሌለውም ይምጣ፣ ከእኛው እናውሰዋለን።