ሕፃኑ ትን ሲለው የእናት እጅ ምን ያድርግ?

በሰሜን ሸዋ የምንጃርና ሸንኮራ ወረዳ አርሶ አደር በታኅሣሥና በጥር ወራት ፋታ የለውም። የታጨደው ጤፍ ተከምሮ በአውድማው ላይ በበሬ ይወቃል፤ በጥቁሩ አፈር ላይ በቀሪ እርጥበት የበቀለው ሽምብራም ተራውን ይጠብቃል። በዚህ ወቅት ከቤት የሚውለው ጨቅላ ያቀፈችና በዕድሜ የገፋ ሰው ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጨቅላ ያቀፈችውም ብትሆን ለአውድማው ሰው ጋግራና ወጥ ሠርታ መላክ ይጠበቅባታል።

በወረዳው አንድ የገጠር ቀበሌ የምትኖረው የሃያ ሁለት ዓመት እናትም ከዚሁ ሥራ ላይ ነበረች። የመጀመሪያ ልጅዋ ክርስትና ከተነሣ ገና ዘጠኝ ቀኑ ነው። አመሻሹ ላይ የአውድማው እራት እንዳይዘገይ እየተጣደፈች አጠባችውና ሳታስገሳው መደቡ ላይ አስተኝታ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። ጥቂት እንደ ቆየች ከበስተኋላዋ የጉርጉርታ ድምፅ ሰማች። ዞር ስትል ወተቱ በአፉም በአፍንጫውም ወጥቶ፣ ሕፃኑ ጀርባውን ወደ ኋላ ለጥጦና ዐይኑን አፍጥጦ አፉን ከፍቷል። ድምፅ ግን የለውም። የከንፈሩ ዳር ጠቁሯል።

እናቲቱ እሪ አለች። አማቷ ከጓዳ ሮጠው ደረሱና አናቱ ላይ እፍ አሉበት፤ ፊቱ ላይ ውሃ ረጩ፤ ቀጥለውም እግሩን ይዘው ቁልቁል ሊያንጠለጥሉት ሲሉ ጩኸቱን የሰማች አንዲት ጎረቤት ገባች። “እማማ፣ ለኔ ይስጡኝ” ብላ ተቀበለቻቸው። ዱካው ላይ ተቀምጣ ሕፃኑን በክንዷ ላይ በደረቱ አስተኛችው፤ አገጩን በጣቶቿ ደግፋ ራሱን ከደረቱ ዝቅ አደረገችና በሌላው እጅዋ መዳፍ ሥር በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል መታ መታ አደረገችው። በሦስተኛው ምት ላይ ወተትና ለሀጭ ከአፉ ወረደ። ወዲያው ሕፃኑ በኃይል አለቀሰ። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ስኒ ቡና ተቀድቶ እስኪቀመጥ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ጎረቤቲቱ የጤና ባለሙያ አይደለችም፤ ትምህርቷም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ይህን ሥራ ያወቀችው የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሴቶችን በቡና ሰዓት ሰብስባ ባሳየችው ትምህርት መሆኑን ተናግራለች። በዚያን ቀን ለመለማመጃ የቀረበው በጨርቅ የተጠቀለለ ዱባ ነበረ፤ ብዙዎቹም ይስቁ እንደነበር አልሸሸገችም።

እዚህ ላይ ወላጆች ከሁሉ አስቀድመው ሊለዩት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሕፃኑ ትን ብሎት የሚያስልና የሚያለቅስ ከሆነ አየር እየገባና እየወጣ ነው ማለት ነው። ሳሉ ከማንም ሰው እጅ የበለጠ ኃይል ስላለው ሕፃኑን በጎኑ አድርጎ፣ በመጀመሪያ አፉን ቀጥሎ አፍንጫውን ጠርጎ፣ እያስተዋሉ ማሳል ብቻ ነው። ወተት ፈሳሽ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ይጠራል። የጉሮሮው በር ወተቱ ወደ ሳንባ እንዳይዘልቅ ለጥቂት ሰኮንዶች ራሱን የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ ያ ጥቂት ሰኮንድ ለእናት አንድ ዓመት ይመስላል። አደገኛው ምልክት ዝምታው ነው። አፉ ተከፍቶ ድምፅ ካልወጣ፣ ሳሉ ከደከመ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ መጠበቅ አይገባም።

ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን የሚሰጠው እርዳታ ጎረቤቲቱ የጀመረችው ነው። ራሱ ከደረቱ ዝቅ እንዳለ፣ አንገቱን ሳይጫኑ አገጩን ደግፎ፣ በትከሻዎቹ መካከል እስከ አምስት ጊዜ ጠንከር አድርጎ መምታት ነው። ካልተከፈተ ክንድን በክንድ ላይ አድርጎ ሕፃኑን በጀርባው ይገለብጡታል፤ ራሱ አሁንም ዝቅ ይላል። በጡቶቹ ጫፎች መካከል ከሚታለፈው መስመር ጥቂት ዝቅ ብሎ የደረቱን አጥንት አምስት ጊዜ ወደ ታች መጫን ያስፈልጋል፤ ጥልቀቱ የደረቱን ውፍረት ሲሶ ያህል ነው። በብዙ ቦታ ይህን በሁለት ጣት ማድረግ ሲሰጥ የቆየ ትምህርት ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2025 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ግን በአንድ እጅ መዳፍ ሥር መጫንን ይመርጣል። አምስቱ የጀርባ ምትና አምስቱ የደረት ግፊት ሕፃኑ እስኪያለቅስ ድረስ እየተፈራረቁ ይቀጥላሉ። አንዱ ይህን ሲያደርግ ሌላው ሰው ስልክ ይደውላል፤ ወይም መንገድ ላይ ባጃጅም ሆነ በቅሎ ያስቆማል።

ሕፃኑ ዝልፍልፍ ብሎ ራሱን ከሳተ ምቱ ይቀርና በጠንካራ ነገር ላይ በጀርባው ይጋደማል። አፉ ውስጥ በዐይን የሚታይ ነገር ካለ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ደረቱን ሠላሳ ጊዜ ፈጠን ፈጠን አድርጎ መጫን፣ አፉንና አፍንጫውን አንድ ላይ በአፍ ሸፍኖ ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ እንደገና ሠላሳ መጫን ነው። ወደ ጤና ጣቢያ በሚደረገው ጉዞ ላይም ይህ መቋረጥ የለበትም።

የማይደረጉትንም ማወቅ እኩል ይጠቅማል። የማይታየውን ነገር በጣት ለመፈለግ መሞከር ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። እግር ይዞ ማንጠልጠልና መናጥ አንገቱንና አንጎሉን ይጎዳል። ውሃ ማጠጣት በተዘጋ ጉሮሮ ላይ ሌላ ፈሳሽ መጨመር ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ሃይምሊክ ለዓለም ያስተዋወቀው ከበስተኋላ አቅፎ ሆድን የመጫን ዘዴም ቢሆን ለትልቅ ሰው እንጂ ለጨቅላ አይሆንም፤ የሕፃን ጉበት ከጎድን አጥንቱ ወጣ ብሎ የሚገኝ በመሆኑ በቀላሉ ይጎዳል።

ሕፃኑ አልቅሶ፣ ቀይ መስሎ፣ ጡት ይዞ ተኛ። እናቲቱ ግን አልተኛችም። በዚያን ሌሊትና በተከታዮቹ ሁለት ሌሊቶች ግድግዳ ተደግፋ፣ ልጁን በጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሹን ስትቆጥር ነው ያነጋችው። ማጥባቱንም ፈራች፤ ጥቂት ሲጠባ ትነጥቀዋለች፤ እሱም ያለቅሳል። ባለቤቷ ከአውድማ ደክሞ ሲመለስ ነገሩ አልፏል ብሎ ያዘ። ያለፈው ግን ለእርሱ ነው፤ እርሷ ዐይኗን በከደነች ቁጥር ያ የጠቆረ ከንፈር ይመጣባታል። ከእንዲህ ያለ ድንጋጤ በኋላ እናት ቀናት ሙሉ መረበሽዋ የሚጠበቅ ነገር ሆኖ ሳለ፣ በገጠሩ ብቻ ሳይሆን በከተማውም ስለ እርሱ የሚጠይቃት ሰው ጥቂት ነው።

ችግሩ የሚብሰው በዚህ ክፍተት ውስጥ ምክር ስለሚበዛ ነው። አማቷ፣ “እንጥሉ ወርዶበት ነው፣ ልጄ፤ ይቆረጥለት” አሉ። ሌላይቱ ቅቤ ይዋጥ፣ አንዷ የአብሽ ውሃ ይቅመስ አለች። አሮጊቶቹ ይህን የሚሉት ከክፋት አይደለም፤ እነርሱም ሕፃን ቀብረዋልና ይፈራሉ። ይሁንና እንጥል ከትንታ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ መቆረጡ ግን ደም መፍሰስን፣ መመረዝንና መንጋጋ ቆልፍን ያስከትላል። ቅቤም ቢሆን በሕፃን አፍ ሲጋት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ወደ ሳንባ የገባ ቅባት ደግሞ ለመዳን የሚያስቸግር የሳንባ ምች ያመጣል። ነገሩ ለአርሶ አደሩ እንግዳ አይደለም። ለበግ መድኃኒት ሲጋት ራሱን ወደ ላይ አብዝቶ መጠምዘዝ መድኃኒቱን ወደ ሳንባ እንደሚልከው የእንስሳት ጤና ሠራተኛው ነግሮታል፤ እርሱም ይጠነቀቃል። ለበጉ የተደረገው ጥንቃቄ ለጨቅላውም ይገባዋል።

በአራተኛው ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ቤቱ መጣች። ሕፃኑን በሚዛኑ አንጠልጥላ መዘነች፤ ሲመረመር ከነበረበት ጨምሯል። ልብሱን ገልጣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቆጠረች፤ አርባ ስድስት ሆነ። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን ስድሳና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለው ሃምሳና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ ተብሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል። ከትንታው በኋላ ትኩሳት፣ ፈጣን ትንፋሽ፣ የደረት ወደ ውስጥ መሰርጎድ፣ ጡት እምቢ ማለት ቢታይ ወተቱ ወደ ሳንባ ገብቷል ተብሎ ስለሚጠረጠር ቀን አይሰጥም። ከንፈሩ ጠቁሮ ወይም ትንፋሹ ተቋርጦ የነበረ ጨቅላ ደግሞ ደኅና ቢመስልም በዚያው ቀን መመርመር ነበረበት፤ አራት ቀን መቆየቱ ትክክል እንዳልነበረ ሠራተኛዋ ሳትሸፋፍን ነግራቸዋለች።

ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት ስለ ቅርሻት ነው። በሆድ ዕቃና በጉሮሮ ቧንቧ መካከል ያለው እንደ ቀለበት የሚዘጋ ጡንቻ በጨቅላነት ገና አልጠነከረም፤ የሚጠባው ፈሳሽ ነው፤ የሚውለው ተኝቶ ነው። ስለዚህ ወተቱ ይመለሳል። ከግማሽ የሚበልጡት ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ወራት ያቀረሻሉ፤ በአራተኛው ወር አካባቢ ይበዛል፤ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ በአብዛኛው ይጠፋል። እያቀረሸ ክብደቱ የሚጨምርና የሚጫወት ሕፃን በሽተኛ አይደለም። ነገር ግን የሚያስመልሰው አረንጓዴ ወይም ደም የቀላቀለ ከሆነ፣ ከጠባ በኋላ ሁልጊዜ ርቆ የሚወነጨፍ ከሆነ፣ ወይም ክብደቱ ካልጨመረ ቅርሻት ብሎ መተው ስሕተት ነው።

እናቲቱ የምትለውጠው ነገር ብዙ አልነበረም። ወተቷ በኃይል ስለሚፈስ ስታጠባ ጀርባዋን ወደ ኋላ ደገፍ እንድታደርግ፣ አንዱን ጡት ሲጨርስ እንድታስገሳው፣ ጥቂት ጥቂት እያለች ቶሎ ቶሎ እንድታጠባው ተነገራት። ከጠባ በኋላ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ትከሻ ላይ ቀጥ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። በቤቱ ሰዓት ስላልነበረ ሠራተኛዋ አቦል ተጠጥቶ ቶና እስኪቀርብ ብላ ለካችላቸው። እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ውሃም ሆነ አብሽ እንደማያስፈልገው የዓለም የጤና ድርጅት ምክር ስለሆነ እርሱም ተደገመ።

ብዙ ክርክር ያስነሣው የአስተኛኘቱ ጉዳይ ነበር። አማቷ ልጁ ትን ያለው በጀርባው ስለ ተኛ ነው፤ በሆዱ ይተኛ ብለው አጥብቀው ያዙ። የሰው ሁሉ ግምት ይኸው ነው፤ የሰውነት አሠራር ግን ሌላ ነው። ሕፃን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ይሆናል። የተመለሰው ወተት ወደ ላይ ወጥቶ አየር ቧንቧ ከመግባት ይልቅ ወደ ታች ተመልሶ ይዋጣል። በሆዱ ሲተኛ ግን ቧንቧዎቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። በአሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. ሕፃናት በጀርባቸው እንዲተኙ ሰፊ ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ በእንቅልፍ ላይ በድንገት የሚሞቱት ቁጥር በግማሽ ያህል ቀንሷል፤ በትንታ የሚሞቱትም አልጨመሩም። ሠራተኛዋ በሁለት የሸምበቆ ቁራጮች፣ አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች አድርጋ፣ ይህንኑ አሳየች። አማቷ ሸምበቆዎቹን ተቀብለው ራሳቸው ገለበጧቸው፤ ትንሽ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ እንደገና ገለበጧቸው።

ሌላም ነገር ሳይነሣ አልቀረም። ምንጃር የሽምብራ አገር ነው፤ አረርቲ የሚል ስም የተሰጠው የሽምብራ ዝርያም አለ። በምርቱ ጊዜ እሸቱና ቆሎው ከየልጁ እጅ አይጠፋም፤ የአራት ዓመት ልጅም ለታናሹ ያካፍላል። ወተት በሳል ይወጣል፤ ሽምብራ ግን በአየር ቧንቧ ውስጥ ከተቀረቀረ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል። ልጁ ያለፈለት መስሎ ሳሉ ወይም የደረቱ ፉጨት ለቀናት ከቀጠለ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ግድ ነው፤ የሚወጣውም ወደ ሳንባ በሚገባ ልዩ መሣሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ደረቅ ቆሎ ባይሰጠው ይመረጣል፤ ሽምብራውን ቀቅሎ መፍጨት ይቻላል።

የአውድማው ወንዶች ከዚህ ትምህርት ውጭ መቆየታቸው አሳሳቢ ነው። አርሶ አደሩ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ለመማር ወደ ማሠልጠኛ ማዕከሉ ሲሰበሰብ አንዱን ሰዓት ለዚህ መስጠት የሚያስወጣው ገንዘብ የለም። እናት ገበያ ስትወጣ ልጁ የሚቀረው ከአባቱ ወይም ከአያቱ ጋር ነውና።

ሠራተኛዋ ከመሄዷ በፊት ጋቢ ተጠቅልሎ ልምምዱ ተደረገ። እናቲቱ እጅዋ እየተንቀጠቀጠ ጀመረችው፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን ራሱን ዝቅ ማድረጉንም አገጩን መያዙንም አልሳተችም። አማቷ ቀጠሉ። የአምስቱ ምት ቆጠራ ሰባት ስለ ደረሰባቸው ተሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። በዚያው ምሽት ሕፃኑ ከጠባ በኋላ ትከሻቸው ላይ የያዙት አያቱ ነበሩ። ቶናው ሲቀርብ በመደቡ ላይ በጀርባው አስተኙት። እናቲቱ ከአጠገቡ ጋደም አለች፤ እራት ለማቅረብ እስኪቀሰቅሷት ድረስም አልነቃችም።